ያልቆጠርኩት ትንፋሽ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። የክፍሉ መብራት ተቀንሷል፤ ጥግ ላይ የተኙት ታካሚ አልፎ አልፎ ያስላሉ። እኔ ከአምስተኛው አልጋ አጠገብ ቆሜ፣ የልብ ምት እንደሚለካ ሰው ጣቶቼን በአንድ አዛውንት አንጓ ላይ አሳርፌ፣ ዓይኔን ግን ደረታቸው ላይ ተክዬ እቆጥራለሁ። ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ። የሰዓቴ ቀጭን ዘንግ ዙሩን ሲጨርስ ሠላሳ አንድ ላይ ደርሼ ነበር። ካርዳቸውን ገለጥኩ። ከአምስት ሰዓት በፊት፣ ምሽት አራት ሰዓት ላይ፣ በትንፋሽ ዓምድ ሥር «20» ተብሎ ተጽፏል። ከጎኑ ያለው ፊርማ የእኔ ነው።

ያ ሌሊት ካለፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። የነርሲንግ ሁለተኛ ዲግሪዬን በርቀት እንደምማር የሰማ ሁሉ ስለ ክፍያው፣ ስለ ፈተናው፣ ጊዜ ከየት እንደማገኝ ይጠይቀኛል። የምችለውን እመልሳለሁ። በልቤ ግን ሁልጊዜ የምመለሰው ወደዚያ አልጋ ነው። ዛሬ ስለ እርሱ ልጻፍ።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሥራ

ለትምህርቱ የተመዘገብኩት አሥራ አንድ ዓመት በነርስነት ከሠራሁ በኋላ ነው። ሥራ ለቅቄ፣ ልጆቼን ትቼ፣ ዩኒቨርሲቲ ወዳለበት ሄጄ የምቀመጥበት አቅም አልነበረኝም። ስለዚህ ሞጁሉን ከስልክ ላይ የማነብበትን፣ ትምህርቱን ከተቀዳ ቪዲዮ የምከታተልበትን፣ የቤት ሥራውን ከተረኛ ክፍል ሆኜ የምልክበትን መንገድ መረጥኩ። ይህን የሰማች አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከልቧ አዝና «ሩቅ አሳቢ፣ ቅርብ አዳሪ እንዳትሆኚ» አለችኝ። ብዙ ሰው ጀምሮ እንደሚያቋርጠው ታውቅ ነበር፤ እኔም አውቅ ነበር።

የጤና ምርመራ ሞጁል ላይ ስንደርስ የመጣው የቤት ሥራ ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። በምትሠሩበት ክፍል የአሥር ታካሚዎችን ትንፋሽ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። ካርዱን የምትከፍቱት ከቆጠራችሁ በኋላ ይሁን። በቆጠራችሁትና በተጻፈው መካከል ልዩነት ካለ አብራሩ።

ቅር አለኝ። የልብ ድምፅ መለየትን፣ የሳንባን ድምፅ መተንተንን እማራለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት። ትንፋሽ መቁጠር የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በመጀመሪያው ወር የሚለማመደው ሥራ ነው። ያም ሆኖ ከክፍሉ ኃላፊ ፈቃድ ጠየቅኩ፤ ስም እንደማልጽፍ፣ የአልጋ ቁጥር ብቻ እንደምመዘግብ ተስማማን፤ የሌሊት ተራዬን ጠብቄ ጀመርኩ።

ሥራው ቀላል ስለሚመስል እንዴት እንደሚሠራ ልናገር። አንድ ጤነኛ አዋቂ ዕረፍት ላይ ሳለ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ትንፋሹ እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ ግን ሳያስበው ይለውጠዋል፤ ያረዝመዋል ወይም ይይዘዋል። ለዚህ ነው እጃችንን አንጓው ላይ አድርገን የልብ ምት የምንለካ የምንመስለው። አሥራ አምስት ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ጊዜ ይቆጥባል፤ ነገር ግን አንዲት ትንፋሽ ከተሳተች ስሕተቱም በአራት ይባዛል። የደም ግፊቱን፣ የልብ ምቱን፣ የኦክስጅኑን መጠን ማሽን ይነግረናል። በእኛ ክፍል ትንፋሽን የሚነግረን ማሽን የለም። አንድ ሰው አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆሞ ማየት አለበት። ሃያ አምስት ታካሚ ባለበት ክፍል ይህ ለብቻው ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል።

እና እጅ ይለምዳል። የሚያወራ ሰው ታያለህ፣ ፊቱ ደህና ነው፣ ማሽኑ ጥሩ ቁጥር አሳይቷል፤ እጅህ ራሱ «20» ብሎ ይጽፋል። በኋላ ጥናቶችን ማንበብ ስጀምር ይህ የእኛ ክፍል ችግር ብቻ እንዳልሆነ አየሁ። በተለያዩ አገሮች ሆስፒታሎች የተመዘገቡ የትንፋሽ ቁጥሮች ሲሰበሰቡ 18 እና 20 ላይ ይከመራሉ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በ1990 የወጣ አንድ ጥናት ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ ልባቸው በድንገት የቆመ 64 ታካሚዎችን ካርድ መርምሮ ነበር። ከመካከላቸው 84 በመቶ የሚሆኑት ልባቸው ከመቆሙ በፊት በነበሩት 8 ሰዓታት ውስጥ የመባባስ ምልክት ወይም አዲስ ሕመም እንደነበራቸው ተመዝግቦ ተገኝቷል። በነዚያ ሰዎች ላይ የደረሰው ነገር አስቀድሞ ራሱን አሳይቶ ነበር ማለት ነው።

ጎበዝ የተባልኩበት ጠዋት

ሠላሳ አንድ ካልኩ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልለፈው፤ ማንም ነርስ ያውቀዋል። አዛውንቱ ሞቃት ነበሩ። የደም ግፊታቸው ወርዷል። ስነካቸው በሴት ልጃቸው ስም ጠሩኝ፤ የት እንዳሉ ስጠይቃቸው ቤታቸው እንዳሉ ነገሩኝ። ተረኛውን ሐኪም ቀሰቀስኩ። ኦክስጅን፣ ግሉኮስ፣ የደም ናሙና፣ አንቲባዮቲክ። የሳንባ ምች ይዟቸው ወደ ሴፕሲስ፣ ኢንፌክሽን መላ ሰውነትን ወደሚያናጋበት ደረጃ፣ እየሄዱ ነበር። ሳይነጋ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተዛወሩ።

የጠዋቱ ርክክብ ላይ ሐኪሙ ጉዳዩን ሲያስረዳ ወደ እኔ እያየ «ሲስተር ቆጥራ ባትደርስበት ኖሮ ጠዋት ሌላ ነገር ነበር የምናወራው» አለ። ባልደረቦቼ «ጎበዝ» አሉኝ። አንዷ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ ዝም አልኩ። ማንም ወደ ኋላ ገልጦ የምሽቱን አራት ሰዓት አላየም። ቢያይም ምንም አያገኝም፤ 20 ነው፤ በልኩ ውስጥ ያለ ቁጥር ነው።

ወደ ቤቴ ስሄድ መንገዱን አላስታውሰውም። ጥያቄዬ አንድ ነበር፤ ምሽት አራት ሰዓት ላይ ስንት ነበር? ምናልባት በእርግጥ ሃያ ነበር፤ በሽታው የተባባሰው ከዚያ በኋላ ይሆናል። ምናልባት ሃያ ስድስት ነበር። ለትንፋሽ፣ ለደም ግፊትና ለመሳሰሉት ምልክቶች ነጥብ እየሰጠ የታካሚን መባባስ በሚያሳየው፣ ብዙ ሆስፒታሎች በሚጠቀሙበት የቅድመ ማስጠንቀቂያ መለኪያ፣ የእንግሊዝ ሐኪሞች በ2012 አውጥተው በ2017 ባሻሻሉት፣ የትንፋሽ ቁጥር 25 ሲደርስ ለአንድ ምልክት የሚሰጠው ትልቁ ነጥብ፣ 3፣ ይሰጠዋል፤ ያ ብቻውን ታካሚው በአስቸኳይ እንዲታይ ያደርጋል። ሃያ ስድስት ከነበረ አምስት ሰዓት ሙሉ ከእኒያ ሰው ላይ ወስጃለሁ። ሴፕሲስ ደግሞ የዘገየችው እያንዳንዷ ሰዓት ዋጋ የምታስከፍልበት በሽታ ነው።

ይህን ላውቅ አልችልም። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ያሳደደኝ ነገር ጥፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይቅርታ ጠይቄ ባረፍኩ። ያሳደደኝ ያ ቁጥር የትም አለመኖሩ ነው። አንድ ደቂቃ ብቆም ኖሮ ይኖር ነበር።

አዛውንቱ ዳኑ። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ሊወጡ ሲሉ ልሰናበታቸው ሄድኩ። «ልጄ፣ አንቺ ነሽ አሉ የደረስሽልኝ» አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ። «ምን አይተሽ ነው ያወቅሽው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ትንፋሽዎን ቆጥሬ ነው፣ አባቴ።»

ደነቃቸው። «ትንፋሽም ይቆጠራል እንዴ?»

መልስ አጣሁ። «ይቆጠራል» ለማለት እንኳ ድምፄ አልወጣም።

አራተኛው ዓምድ

የቤት ሥራው ሰንጠረዥ አራት ዓምድ ነበረው፤ የአልጋ ቁጥር፣ የቆጠርኩት፣ የተጻፈው፣ የልዩነቱ ማብራሪያ። ማስረከቢያው እሑድ እኩለ ሌሊት ነው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ኮምፒውተሩን ከፍቼ ተቀመጥኩ። በአምስተኛው አልጋ ረድፍ፣ በአራተኛው ዓምድ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «የታካሚው ሁኔታ በአምስት ሰዓት ውስጥ ተባብሷል።»

ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነው። ሙያዊ ነው። እውነትም ሊሆን ይችላል። ሊያረጋግጠው ወይም ሊያፈርሰው የሚችል ሰው በዓለም ላይ የለም፤ እኔም ራሴ አልችልም። መምህሬ በአካል አይታኝ አታውቅም፤ ክፍላችንን አታውቅም፤ ካርዱን የምታይበት መንገድ የላትም። ያን ጊዜ «ርቀት» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ በደንብ ገባኝ። ለመዋሸት እንደዚህ የሚመች ቦታ አላውቅም።

ለመናዘዝም እንዲሁ። ይህን ለክፍሉ ኃላፊ መናገር አልደፈርኩም፤ ለባልደረቦቼ መናገር እነርሱንም መክሰስ ይሆናል። መደበኛ ተማሪ ብሆን ኖሮ በአዳራሽ ውስጥ ሃያ ሰው ፊት ቆሜ ሰንጠረዡን አቀርብ ነበር፤ ያኔ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር እንደምናገር እርግጠኛ ነኝ። ፊቴን ከማታውቅ ሴት ጋር ግን የሚጠበቅ ፊት የለም። ይኸው ርቀት ለሐሰትም ለእውነትም እኩል በር ከፍቶ ቁጭ ብሏል፤ የትኛው እንደሚመረጥ የሚወስነው ሌላ ነገር መሆን አለበት።

እኔን የወሰነኝ፣ አሁን ሳስበው፣ ኅሊና ብቻ አልነበረም። የቀሩት ዘጠኝ ረድፎች ናቸው። የቆጠርኳቸው ቁጥሮች 14፣ 23፣ 17፣ 26፣ 16 እያሉ እንደ ሰው ይለያያሉ። የተጻፉት ግን 20፣ 18፣ 20፣ 20፣ 18 እያሉ ይሄዳሉ። አንዱን ረድፍ «ሁኔታው ተባብሷል» ብዬ ባብራራ፣ ከ20 ወደ 14 የወረደውን ምን ልበለው? በአንድ ሌሊት የተሻለው? ሐሰቱ በአንድ ረድፍ ላይ ይቆማል፤ በአሥር ረድፍ ላይ አይቆምም። ሰንጠረዡን ለረጅም ጊዜ አየሁት። ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን አጠፋሁና «ምሽት አራት ሰዓት ላይ አልቆጠርኩም። ሃያ ብዬ ጻፍኩ» አልኩ። ላኩት። ሳላነበው ነው የላኩት፤ ደግሜ ባነበው እንደማልልከው አውቃለሁ።

መልሱ በአራተኛው ቀን መጣ። ወቀሳ እጠብቅ ነበር፤ ወይም ማጽናኛ። ሁለቱም አልነበረም። ስለ እውነቱ አመሰግናለሁ ካለች በኋላ አንድ ጥያቄ ጨመረች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በትክክል የቆጠረች፣ አሥራ አንድ ዓመት የሠራች ነርስ አራት ሰዓት ላይ ለምን አልቆጠረችም? ስለ ራስሽ አትንገሪኝ፤ ስለ ክፍሉ ንገሪኝ።

ይህችን ጥያቄ የዲግሪዬ ዋጋ ብዬ ነው የምይዛት። እስከዚያ ድረስ ለአንድ ሳምንት ራሴን ስወቅስ ነበር፤ ወቀሳው ውስጥ ደግሞ አንድ ዓይነት ምቾት ነበረበት። እኔ መጥፎ ከሆንኩ ነገሩ በእኔ ያበቃል። ጥያቄዋ ግን ዓይኔን ከራሴ ላይ አንሥቶ ወደ ክፍሉ አዞረው። አራት ሰዓት ማለት መድኃኒት የሚሰጥበት፣ አዲስ ታካሚ የሚገባበት፣ አስታማሚዎች የሚወጡበት ሰዓት ነው። የክፍሉ ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት የሰከንድ ዘንግ የለውም። በካርዱ ላይ የትንፋሽ ዓምድ የመጨረሻው ነው፤ ማሽኑ ከተነቀለና እግር ወደ ሚቀጥለው አልጋ ከዞረ በኋላ የሚሞላ ነው። አሥራ አንድ ዓመት እዚያ ስመላለስ ይህን አላየሁትም። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል እንደሚባለው፣ በየቀኑ የምቆምበትን ቦታ እንደማውቀው ቆጥሬ አይቼው አላውቅም ነበር።

የርቀት ትምህርትን ያጠና ማይክል ሙር የተባለ ምሁር በትምህርት ውስጥ ርቀት የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በአስተማሪና በተማሪ መካከል ባለው መግባባት ነው ይላል። አዳራሽ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠውም ሊራራቁ ይችላሉ፤ ውይይት ካለ ግን ርቀቱ ይጠብባል። ይህን ሳነብ በቀጥታ የመጣችብኝ ያቺ የሁለት መስመር ጥያቄ ናት።

የነርሲንግ ምሁሯን ፓትሪሺያ ቤነርን ያነበብኩትም በዚያው ሰሞን ነው። ቤነር በ1984 ነርስ ከጀማሪነት ወደ ሊቅነት የምታድግባቸውን አምስት ደረጃዎች አስቀምጣለች፤ በየነርሲንግ ትምህርት ቤቱ ይጠቀሳል። ድሮ ስሰማው ዓመት በቆጠርኩ ቁጥር ደረጃ የምወጣ ይመስለኝ ነበር። እርሷ የምትለው ግን ልምድ ማለት የጊዜ ማለፍ አይደለም፤ አስቀድመን የያዝነው ግምት ከእውነተኛ ታካሚ ጋር ሲጋጭና ሲታረም ነው ልምድ የሚሆነው። ግምቴ «20» ነበር። ለአሥራ አንድ ዓመት ከምንም ጋር እንዲጋጭ አልፈቀድኩለትም።

የፖስታ ዲግሪ

በርቀት የተገኘ ዲግሪ ዲግሪ አይደለም የሚሉ ሰዎች አሉ። ነርስ ሲሆን ደግሞ ተቃውሞው ይበረታል፤ ሰውን የሚነካ ሙያ በስክሪን ይማራል ወይ? ተቃውሞውን አልንቅም፤ ከፊሉ እውነት ነው፤ እመለስበታለሁ። ግን ነገሩ ትናንት የተጀመረ አይደለም። እንግሊዛዊው አይዛክ ፒትማን አጭር ጽሕፈትን፣ ንግግርን በምልክት ፈጥኖ መጻፍን፣ በፖስታ ማስተማር የጀመረው በ1840 ነው። የለንደን ዩኒቨርሲቲ በ1858 የትም የተማረ ሰው ፈተናውን አልፎ ዲግሪ እንዲወስድ በር ከፈተ። በነርሲንግ በኩል ከሁሉ የሚማርከኝ የአሜሪካዋ ግዛት የኬንታኪ ታሪክ ነው። ሜሪ ብሬኪንሪጅ በ1925 ነርስ አዋላጆችን በፈረስ እያስቀመጠች መንገድ ወደሌለበት ተራራ መላክ ጀመረች። በ1939 ትምህርት ቤት ተከተለ፤ ያ ትምህርት ቤት በ1989 የአዋላጅነት ትምህርቱን በርቀት መስጠት ጀመረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ለመማር ከገጠር የወጣች ነርስ ብዙ ጊዜ አትመለስም። ስለዚህ ትምህርቱ ወደ እርሷ ሄደ።

ይህን ሳነብ የራሴን ነገር በሌላ ዓይን አየሁት። ወደ ዩኒቨርሲቲ ሄጄ ቢሆን ኖሮ ያ የቤት ሥራ በማላውቀው ሆስፒታል፣ በማላውቃቸው ታካሚዎች ካርድ፣ በማላውቀው ሰው ፊርማ ላይ ነበር የሚሠራው። ስሕተቱን አይቼ አዝኜ እመለስ ነበር። ትምህርት ቤቴ የራሱ ሆስፒታል ስለሌለው ግን ወደራሴ ክፍል መልሶ ላከኝ፤ በዚያም የጠበቀኝ የራሴ እጅ ጽሑፍ ነው።

ከምርምር ጋር የተዋወቅሁትም እንደዚህ ነው። የነርሲንግ ተመራማሪዋ ሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቿ በ2014 ያወጡትን የዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች ጥናት ብዙዎቻችን በወሬ እናውቀዋለን። በ300 ሆስፒታሎች ከ420,000 በላይ የቀዶ ሕክምና ታካሚዎችን መረጃ ይዞ፣ በሆስፒታሉ ውስጥ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸው ነርሶች ድርሻ በ10 በመቶ ሲጨምር፣ በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድል በ7 በመቶ ከመቀነስ ጋር እንደሚያያዝ አሳየ። በአንድ ነርስ ላይ አንድ ታካሚ ሲጨመር ደግሞ ያው ዕድል በ7 በመቶ ከመጨመር ጋር ይያያዛል። የስታቲስቲክስ ሞጁሉ ያስተማረኝ «ይያያዛል» እና «ያመጣል» የተለያዩ ቃላት መሆናቸውን ነው። ክፍሌ ያስተማረኝ ደግሞ ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ጋር አብሮ መነበብ እንዳለበት ነው። ሃያ አምስት ታካሚ ይዛ የምታድር ነርስ ምንም ዲግሪ ቢጨመርላት ግማሽ ሰዓት አይጨመርላትም። ይህን ሁለቱን ነጥሎ «ተማሩ» ብቻ የሚለንን ሰው ስሰማ እናደዳለሁ።

በስክሪን የማይመጣው

አሁን ወደ ተቃውሞው። በስክሪን የማይመጣ ነገር አለ። ሆድን ሲነኩ ከጣት በታች የሚሰማውን ጥንካሬ፣ ደረትን ሲያንኳኩ የሚሰማውን የደነዘዘ ድምፅ ቪዲዮ አያስተምርም። ለዚህ ነው በርቀት የሚሰጥ የነርሲንግ ሁለተኛ ዲግሪ፣ በተለይ ታካሚን ወደ መመርመርና ማከም የሚያመራው፣ በአሠልጣኝ ሥር የሚሠራ የተግባር ሰዓት የሚጠይቀው። በአሜሪካ ለነርስ ፕራክቲሽነር፣ ታካሚን መርምራ ለምታክም ነርስ፣ ለረጅም ጊዜ ትንሹ 500 ሰዓት ነበር፤ በ2022 የወጣው መስፈርት ወደ 750 ከፍ አድርጎታል። የዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤትም በ2020 መመሪያው ለከፍተኛ ደረጃ ነርስ ሁለተኛ ዲግሪን ዝቅተኛው መነሻ ሲያደርግ፣ በተግባር የዳበረ ብቃትን አብሮ ይጠይቃል።

ለመጀመር የምታስቡ ካላችሁ ስለዚህ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ አሠልጣኙን ማን ይፈልጋል? ብዙ ጊዜ ተማሪዋ ራሷ ናት። እኔ ሁለት ወር ተኩል ደጅ ጠንቼአለሁ። አንዱ ሐኪም ጊዜ የለኝም አለ፤ ሌላዋ ፈቅዳ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተዛወረች። በስተመጨረሻ ያሠለጠነችኝ ከእኔ በዕድሜ የምታንስ ነርስ ናት። መጀመሪያ ቀን ሆድ እንድመረምር አድርጋ ዝም ብላ አየችኝና እጄን ይዛ ጫናውን ቀነሰችው። «ትቸኩያለሽ» አለች። በሞጁሉ ላይ «በቀላሉ ጫኑ» የሚል አንብቤ ነበር፤ ያ «ቀላል» ምን ያህል እንደሆነ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ሌላውም አለ። ከሌሊት ተራ ወጥቶ ስታቲስቲክስ ማጥናት የማይቻልበት ቀን አለ፤ ገጹን ሦስት ጊዜ አንብቤ ምን እንዳነበብኩ ያጣሁባቸው ጠዋቶች ብዙ ናቸው። ፈተና መካከል ኢንተርኔት ተቋርጦብኝ አልቅሻለሁ። የጥናት ቡድናችን አምስት ሰው ሆኖ ሁላችንም ተረኛ ያልሆንንበት ሰዓት የተገኘው በአንድ ሴሚስተር ሁለት ጊዜ ነው። ሁለቱ አቋረጡ። ከእኔ ያነሱ አልነበሩም፤ አንዷ እንዲያውም ከሁላችን የተሻለች ነበረች፤ እናቷ ታመሙባት። ስለ ጽናት የሚጻፈውን ሁሉ ሳነብ እርሷ ትዝ ትለኛለች። እኔ የቀጠልኩት የሚያግዙኝ ሰዎች ስለነበሩኝ ነው፤ ይህን መሸሸግ አልፈልግም።

የእኔ ፊርማ ያለባቸው

የመመረቂያ ጥናቴ ስለ ምን እንደሆነ ገምታችሁ ይሆናል። ክፍላችን ውስጥ ትንሽ ነገር ለወጥን። የሰከንድ ዘንግ ያለው ሰዓት ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። የትንፋሽ ዓምድ ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ መጣ፤ ማሽኑ ከመያያዙ በፊት እንዲቆጠር። ከሁሉ ያከራከረው ሦስተኛው ነው፤ ጊዜ ያጣች ነርስ «አልተቆጠረም» ብላ እንድትጽፍ ይፈቀድላት አልኩ። የክፍሉ ኃላፊ አልተዋጠላትም። «ይህ ካርድ ነገ ቢገለጥ ማነው የሚጠየቀው?» አለችኝ። ልክ ነበረች። ባዶ ቦታ ያስጠይቃል፤ ሃያ ግን ማንንም አያስጠይቅም። እኛን ሁሉ ሃያ ያስጻፈን እኮ ይኸው ነው አልኳት። ስለ ምሽቱ አራት ሰዓት የነገርኳት ያኔ ነው፤ ከመምህሬ ቀጥሎ የሰማች ሰው እርሷ ናት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «እኔም ጽፌ አውቃለሁ» አለች። በሚቀጥለው ሳምንት ለሦስት ወር ሙከራ ፈቀደች።

አሁን ከለውጡ በፊትና በኋላ የተጻፉትን ቁጥሮች እየሰበሰብኩ ነው። የታካሚ ስም የለም። የነርሶቹም ፊርማ በመለያ ቁጥር ተተክቷል። የትኛው ቁጥር ማን እንደሆነ እንዳላውቅ ሌላ ሰው ነው የተካው፤ የራሴን ግን አወቅሁት፤ ያንን ሌሊት ፈልጌ አገኘሁት። የጥናቱን ባለቤት መዝገብ ከጥናቱ ማውጣት ይገባል ወይ ብዬ አማካሪዬን ጠየቅሁ። ምክንያቱን በዘዴው ምዕራፍ ላይ ግለጪው፤ መዝገቡን ግን ተዪው፤ የክፍሉ አካል ነሽ ብሎ መለሰልኝ።

ስለዚህ አለ። መለያ ቁጥር ሰባት፣ አምስተኛ አልጋ፣ ምሽት አራት ሰዓት፣ ሃያ። ከለውጡ በፊት ላሉት መዝገቦች ሁሉ «በእርግጥ ተቆጥሯል?» የሚል ዓምድ አስገብቻለሁ። ካርድ ይህን ስለማይናገር ከላይ እስከ ታች «አይታወቅም» ብዬ ሞላሁት። እዚያ ረድፍ ላይ ስደርስ ቆምኩ፤ ጻፍኩትም፤ «አልተቆጠረም»።